ዓሣ ለማጥመድ ተሽከርካሪን ወደ ባሕር ዳርቻ ስለ ማስገባት

ለመዝናኛ ዓሣ ለማጥመድ መኪናውን ይዞ አሸዋ ላይ ሊወርድ ያሰበ ሰው፣ ቦታው ለተሽከርካሪ የተፈቀደ መሆኑን ዳርቻውን ከሚያስተዳድረው አካል አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ወፎችና የባሕር ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት፣ በሌላ ጊዜ ክፍት የሆነ መግቢያ እንኳ ሊዘጋ ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የጎማ ነፋስ ነው። በአስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ የሚይዝ ጎማ ወደ 20 ወይም 18 ሲወርድ፣ አሸዋውን የሚነካው ክፍል ስለሚረዝም ክብደቱ ተከፋፍሎ ያርፋል። ይሁን እንጂ ነፋሱ የተቀነሰ ጎማ መሪ በድንገት ሲታጠፍ ከቸርኬው ሊወልቅ ስለሚችል፣ በዝግታ መንዳት ግድ ነው። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ የነዳጅ መስጫውን አጥብቆ መርገጥ ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር የሚፈይደው የለም፤ ይልቁንም በጎማዎቹ ዙሪያ ያለውን አሸዋ በአካፋ ጠርጎ፣ በመጡበት ዱካ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል። አካፋና መጎተቻ ገመድ ሳይይዙ መግባት፣ በእኔ አስተያየት፣ ድፍረት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚሞላ፣ የአካባቢውን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰዓት ሰንጠረዥ ተመልክቶ ውኃው በእጅጉ ከሚጎድልበት ሰዓት በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ሰዓታት ውስጥ መንዳት ይመረጣል። በዚያን ጊዜ ውኃው የሸሸበት እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ነው። ለማጥመድ ሲቆም ግን መኪናው ሙላቱ ከሚደርስበት መስመር በላይ መሆን አለበት። በአሸዋ ኮረብታዎች ላይ ፈጽሞ አይነዳም፤ አሸዋውን አቅፎ የያዘው በላያቸው የበቀለው ሣር ነውና።

ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት ጎማው በኮምፕሬሰር ይሞላል፤ የመኪናው ሆድም ጨው እንዳያዝገው በዚያው ዕለት በንጹሕ ውኃ ይታጠባል።