አሮጌ መስኮት ሲቀየር ኃይል ቆጣቢውን እንዴት መምረጥ ይቻላል?

መስኮት ሊያሠሩ ሲሄዱ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ "ነጠላ መስታወት ነው ድርብ?" የሚል ነው። ከሱ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ቤትዎን ያስቸገረው ምንድን ነው? ብርድ ነው? የከሰዓት ፀሐይ ነው? ወይስ በስንጥቅ የሚገባ ነፋስ? የሦስቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። ለብርድ አገር ታስቦ የተሠራ መስኮት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኘው ክፍል ላይ ቢገጠም፣ ክፍሉ ከበፊቱ ብሶበት ያርፋል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው።

1. መጀመሪያ ያለውን መስኮት ይፈትሹ

ነፋስ ባለበት ቀን መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ይዝጉ። መጋረጃውን ሰብስበው ሻማ ይለኩሱና በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያስጠጉት። ነበልባሉ ከተወላገደ አየር እየገባ ነው። እሳት ካልፈለጉ ወረቀት ይበቃል። በሚከፈተው ክፍልና በፍሬሙ መሃል አድርገው መስኮቱን ይዝጉበት፤ ከዚያ ሳብ ያድርጉት። ሳይያዝ ሰተት ብሎ ከመጣ ጎማው አርጅቷል፣ ወይም መቆለፊያው አጥብቆ አይስብም።

ችግሩ ይሄ ብቻ ከሆነ አዲስ መስኮት ላያስፈልግዎት ይችላል። ጎማ መቀየር፣ ማጠፊያውን ማስተካከል፣ በፍሬሙና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ድርብ መስታወት ካለዎትና በሁለቱ መሃል የማይጠረግ ጉም ከያዘ፣ የታሸገው ጠርዝ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፍሬሙ ደህና ከሆነ መስታወቱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ይህንን አማራጭ አዲስ መስኮት ከሚሸጥልዎት ሰው አፍ አይጠብቁ፤ ራስዎ ይጠይቁ።

አንድ እውነት ደግሞ አለ። መስኮት መቀየር ውድ ሥራ ነው። በሚቆጥበው ኃይል ብቻ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ጣሪያዎ ሙቀት መከላከያ ከሌለው፣ ቀድሞ እዚያ ላይ ቢያወጡት ይሻላል። እንጨቱ ከበሰበሰ፣ ብረቱ ዝጎ ካልተዘጋ፣ ወይም መስኮቱ በሌላ ምክንያት መቀየሩ ካልቀረ ግን፣ ያኔ በደንብ መምረጥ ነው።

2. እያንዳንዱ መስኮት ወዴት እንደሚያይ ይመዝግቡ

የቤቱን ንድፍ በወረቀት ላይ ጫር ጫር ያድርጉና አቅጣጫዎቹን ይጻፉ። ዋናዎቹ አስቸጋሪዎች ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ የጣሪያ ክንፍ አይከልላትም። በተለይ የምዕራቡ መስኮት ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ በዋለ ቤት ላይ ነው የሚጨምረው።

ከምድር ወገብ በስተሰሜን በራቁ አገሮች የደቡብ መስኮት ሀብት ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ በሱ በኩል ትገባለች፤ በበጋው ሙቀት ደግሞ ከፍ ስለምትል ትንሽ የጣሪያ ክንፍ ያስቀራታል። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነገሩ ተገልብጦ ሰሜኑ ይሆናል። ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ የሁለቱ ልዩነት ይቀንሳል፤ የምሥራቅና የምዕራቡ ጣጣ ግን እዚያው አለ።

ስለዚህ ለቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መስታወት ማዘዝ ግዴታ አይደለም። ለምዕራቡ ፀሐይ የሚከለክል፣ ለሌላው የሚያስገባ ማዘዝ ይቻላል።

3. ቁጥሮቹን ያንብቡ

ከዚህ ሁሉ እርምጃ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይሄኛው ነው። "ኃይል ቆጣቢ" የሚለውን ቃል ማንም ሰው ማንኛውም መስታወት ላይ መለጠፍ ይችላል። ቁጥር ግን ይነጻጸራል።

የመጀመሪያው ዩ-ቫልዩ ወይም ዩ-ፋክተር የሚባለው ነው። በመስኮቱ በኩል ሙቀት ምን ያህል እንደሚያልፍ ይናገራል። ሲያንስ ይሻላል። ነጠላ መስታወት ወደ 5.7 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ነው። ተራ ድርብ መስታወት ወደ 2.8 ይወርዳል። ልዩ ሽፋን የተቀባና አርጎን ጋዝ የተሞላ ድርብ መስታወት ወደ 1.1 ይደርሳል። ባለ ሦስት መስታወቱ ከ1 በታች ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የመለኪያ ነው። በአሜሪካ ምልክት ላይ ያለው ቁጥር በሌላ መለኪያ የተጻፈ ነው። 0.30 የሚል አሜሪካ ሠራሽ መስኮት፣ 1.1 ከሚል አውሮፓ ሠራሽ ይበልጣል ብለው እንዳይሸወዱ። የአሜሪካውን ቁጥር በ5.68 ያባዙት፤ 0.30 ማለት 1.7 ገደማ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ይብሳል። ሻጩ የሚጠራልዎት ቁጥር የመስታወቱ መሃል ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙቀት ግን በፍሬሙና በጠርዙም ያልፋል። በአውሮፓ ሰነድ ላይ የመስታወቱ ቁጥር ዩጂ፣ የፍሬሙ ዩኤፍ፣ የሙሉ መስኮቱ ደግሞ ዩደብሊው ይባላል። እርስዎ የሚፈልጉት የመጨረሻውን ነው። በአሜሪካ ናሽናል ፌነስትሬሽን ሬቲንግ ካውንስል የሚባለው ተቋም ምልክት የሙሉ መስኮቱን ነው የሚያሳየው። ሁለት መስኮት ሲያወዳድሩ "ይሄ የመስታወቱ ነው ወይስ የሙሉው?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ የመስታወቱ ነው ብለው ይያዙት።

ቀጥሎ የፀሐይ ሙቀት መጠን ነው። አሜሪካኖቹ ኤስኤችጂሲ፣ አውሮፓውያኑ ጂ-ቫልዩ ይሉታል። ከ0 እስከ 1 ይለካል። 0.25 ማለት መስኮቱ ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ሙቀት ሩቡ ብቻ ይገባል ማለት ነው። ፀሐይ ለሚያስቸግረው ክፍል ወደ 0.25 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ይፈልጉ። ብርድ ለሚያስቸግረውና ፀሐይ ለሚያገኘው ደግሞ ከ0.4 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፀሐይዋ በነፃ ታሞቅልዎታለች።

የብርሃን መጠንም አለ። ይሄም ከ0 እስከ 1 ነው፤ ሲበዛ ክፍሉ ይደምቃል። ጥቁር ወይም ቡናማ መስታወት ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ ይሸጣል። ይቀንሳል፣ ግን ብርሃኑንም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በቀን መብራት እያበሩ መቀመጥ ይመጣል። ከፀሐይ ኃይል ግማሽ የሚሆነው በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። ጥሩ ሽፋን ያለው መስታወት ያንን እየመለሰ የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ የፀሐይ ሙቀቱ ቁጥር ዝቅ፣ የብርሃኑ ቁጥር ከፍ ያለውን መፈለግ ነው።

አየር የማሳለፍ ልክም ከተጻፈ ያነሰው ይሻላል።

4. መስታወቱን ይምረጡ

ሎው-ኢ የሚባለው ሽፋን መስታወቱ ላይ የተነጠፈ እጅግ ስስ የብረት ንጣፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብር ነው። በዓይን አይታይም። እና መኖሩን በምን ያውቃሉ? ላይተር ለኩሰው መስታወቱ ፊት ይያዙ፣ ነጸብራቁን ከጎን በሰያፍ ይመልከቱ። ድርብ መስታወት ላይ አራት ነበልባል ይታያል፤ በየገጹ አንድ ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ቀለሙ ከሌሎቹ ከተለየ ሽፋኑ አለ። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ የከፈሉበት ነገር ምናልባት የለም።

ሽፋኑ ያለበት ገጽም ለውጥ ያመጣል። ገጾቹ ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆጠራሉ። ፀሐይ ለመከልከል ብዙ ጊዜ 2ኛው ገጽ ላይ ይደረጋል። ፀሐይዋን አስገብቶ የቤቱን ሙቀት ለመያዝ ደግሞ 3ኛው ላይ። ገጣሚው ገልብጦ ከገጠመው ቁጥሩ ይቀየራል፤ ስለዚህ የውጭው ፊት የትኛው እንደሆነ ምልክት ይደረግበት።

በሁለቱ መስታወት መሃል የሚሞላው አርጎን ሽታም መርዝም የለውም። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአየር በሲሶ ያነሰ ነው። ክፍተቱ ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር ሲሆን በደንብ ይሠራል። ከዚያ በላይ ማስፋት ብዙም አይጠቅምም፤ ጋዙ ውስጥ ለውስጥ መዞር ይጀምራል። መስታወቶቹን በዳር የሚያራርቀው ዘንግ አሉሚኒየም ከሆነ ጠርዙ ይቀዘቅዝና ውሃ ያዝላል። ሙቀት የማያሳልፍ ዘንግ እንዲሆን ይጠይቁ።

ከፍታ ቦታ ላይ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ መስታወቱ የታሸገው የት ነው? ባሕር ጠለል አካባቢ የታሸገ ድርብ መስታወት ወደ ከፍታ ሲወጣ፣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ውስጡ ያለው ይገፋዋል። መስታወቱ ያብጣል፣ ጠርዙ ይወጠራል፣ ሲብስ ይሰነጠቃል። ለዚህ ብለው አንዳንድ አምራቾች የአየር ግፊቱን የሚያመዛዝን ቀጭን ቱቦ ይገጥሙለታል። ቱቦው ክፍት ሆኖ ከቀረ ግን አርጎኑም በዚያው ይወጣል። ለአርጎን ከፍሎ ተራ አየር መያዝ ደግሞ ያናድዳል።

ባለ ሦስት መስታወቱስ? በጣም ለሚበርድ አገር ዋጋ አለው። ለመካከለኛ አየር ግን እኔ ሽፋን ያለው ጥሩ ድርብ ይበቃል ባይ ነኝ። ክብደቱንም ያስቡት። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር መስታወት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 4 ሚሊሜትር ሦስት መስታወት ማለት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ነው። ማጠፊያው ካልቻለው በጥቂት ጊዜ መስኮቱ ይወርድና አልዘጋ ይላል።

5. ፍሬሙ

አሉሚኒየም ጠንካራና ቀጭን ነው፣ አይበሰብስም። ግን ትኩስ ሻይ ውስጥ እንደተተወ የብረት ማንኪያ ሙቀቱን ከጫፍ ጫፍ ያደርሳል፤ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ጋር ሲነጻጸር ወደ 1000 እጥፍ ያስተላልፋል። አሉሚኒየም ካሉ ውስጡ በሙቀት ማቋረጫ የተከፈለውን ይምረጡ። የውጭውና የውስጡ ብረት ሳይነካኩ በመሃል በጠንካራ ፕላስቲክ ይያያዛሉ። የተቆረጠ ናሙና አሳዩኝ ይበሉ፤ ፕላስቲኩ በዓይን ይታያል።

ፒቪሲ ሙቀት በደንብ ይይዛል፣ ቀለምም አይፈልግም። እንጨትም እንዲሁ ይይዛል፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ፋይበርግላስ ጠንካራ ነው፣ ውድ ነው።

6. አከፋፈቱ

በማጠፊያ የሚከፈት መስኮት ሲዘጋ ጎማው ላይ ተጭኖ ያሽጋል። ተንሸራታች ለመንሸራተት ክፍተት ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። ቦታ ካልጠበበ የመጀመሪያው ይሻላል። የማይከፈት መስኮት ከሁሉም በላይ ያሽጋል፤ ሆኖም መኝታ ቤት ውስጥ ቢያንስ አንዱ በአደጋ ጊዜ ሰው የሚወጣበት ይሁን። መስኮቱ እየተሻለ ሲሄድ ቤቱ አየር የሚቀይርበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ጋዝ ወይም ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ አየር ማስገቢያ ሳይኖር አይሽጉት።

7. ልኬትና ገጠማ

ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለኩ። ቁመቱንም እንዲሁ ሦስት ቦታ። ለትዕዛዝ የሚያዘው ትንሹ ነው። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱንም ይለኩ፤ ካልተመጣጠኑ ቀዳዳው ጎብጧል፣ ለገጣሚው ቀድመው ይንገሩት። አሮጌውን ፍሬም ትቶ አዲሱን በውስጡ መግጠም ይረክሳል፣ ልስንም አይነካም። ነገር ግን መስታወቱ ይጠባል፣ ከአሮጌው ፍሬም ኋላ ያለው ክፍተትም ሳይነካ ይቀራል። አሮጌው ከበሰበሰ ወይም ውሃ ካስገባ ሙሉ በሙሉ ይነቀል።

በገጠማው ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ፍሬሙ በውሃ ልክ ይስተካከል። በዙሪያው ያለው ክፍተት ብዙ በማያብጥ ፎም ይሞላ፤ ኃይለኛ ፎም ፍሬሙን ገፍቶ ያጎብጠዋል። ሲሊኮን ብቻ ከላይ መቀባት ክፍተቱን አይሞላም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። የውጭው ደፍ ውሃ እንዲፈስ ወደ ውጭ ያዘንብል። ከፍሬሙ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ካዩ የዝናብ ውሃ ማስወጫ ናቸው። ገጣሚው ለማሳመር ብሎ በሲሊኮን እንዳይደፍናቸው።

ገንዘቡን ከመጨረስዎ በፊት መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ይዝጉ፣ የወረቀቱን ፍተሻ እንደገና ይሥሩ፣ ላይተሩንም ይለኩሱ። ምልክቱ ከመስታወቱ ላይ ሳይላጥ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ መሃሉ ጉም ቢይዝ ዋስትና ሲጠይቁ የሚያሳዩት እሱን ነው።