የወንድ መካንነት መንስኤ እንዴት ይታወቃል?

ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ቆይተው ፅንስ ካልተገኘ ሁለቱም ይመርመሩ። ሚስትየዋ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። በእኛ ዘንድ የምትንከራተተው ሴቷ ናት፤ አልትራሳውንዱም፣ የማህፀን ቱቦ ራጁም፣ የዘመድ ሐሜቱም በእሷ ላይ ነው። ነገር ግን ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ በወንዱም በኩል አለ። የእሱ የመጀመሪያ ምርመራ፣ ማለትም የዘር ፈሳሽ (የስፐርም) ምርመራ፣ አያምም፣ መርፌም አይፈልግም። ከእሱ ይጀመር።

መጀመሪያ ታሪካችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዟችሁ ቆለጣችሁ አብጦ ነበር? በልጅነት ቆለጥ ሳይወርድ ቀርቶ ነበር? የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላችኋል? ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ ይዟችሁ ያውቃል? ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ? ከሁሉም በላይ ግን ያለፉትን ሦስት ወራት አስታውሱ። አንድ ስፐርም ተሠርቶ ለመጠናቀቅ 74 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ የዛሬው ውጤት የሚናገረው ስለዚያን ጊዜው ጤንነታችሁ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ውጤት እጅግ ዝቅ ብሎ ሲመጣ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ወባ በከባድ ትኩሳት ጥሎኝ እንደነበር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔና ባለቤቴ በከንቱ ብዙ አለቀስን። ከባድ ትኩሳት የስፐርምን ቁጥር ለጊዜው ያወርዳል፤ ታማችሁ ከነበረ ከዳናችሁ ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገም።

ብዙ ውጤት የሚበላሸው ናሙና ሲሰጥ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከምርመራው በፊት ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ጊዜ ከግንኙነት ታቀቡ። «ይጠራቀም» ብሎ ሁለት ሳምንት መቆየት አይጠቅምም፤ የቆየ ስፐርም እንቅስቃሴው ይደክማል። ሳሙና፣ ቅባት፣ ምራቅ አይነካው። የተለመደው ኮንዶም ስፐርምን ስለሚጎዳ አይሆንም፤ በእምነት ምክንያት በእጅ ናሙና መስጠት የሚከብደው ሰው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኮንዶም እንዳለ ላቦራቶሪውን ይጠይቅ። አብዛኛው ስፐርም ያለው መጀመሪያ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ እሱ ከፈሰሰ ሳታፍሩ ተናገሩ፣ አለዚያ ጤነኛ ሰው የታመመ መስሎ ይመዘገባል። የሚሻለው እዚያው ላቦራቶሪ መስጠት ነው፤ የሚቆለፍ ክፍል ጠይቁ። ከቤት የምታመጡ ከሆነ ብልቃጡን ከልብሳችሁ ሥር ሰውነታችሁ ላይ አስጠግታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

ውጤቱን ስታነቡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝቅተኛ ወሰን ይህ ነው፦ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ የሚንቀሳቀሱት 42 በመቶ፣ ቅርጻቸው የተስተካከለ 4 በመቶ። 4 በመቶ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ልጅ በወለዱ አባቶችም ላይ አብዛኛው ስፐርም ቅርጹ የተስተካከለ አይደለም። ከወሰኑ በታች መሆንም መውለድ አይቻልም ማለት አይደለም። በአንድ ወረቀት ብቻ ማንም መካን አይባልም።

ውጤቱ ድጋሚ ዝቅ ካለ ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት አካላት ሐኪም) ሂዱ፤ ቆማችሁ በእጁ ይመርምራችሁ። ቫሪኮሲል፣ ማለትም ከቆለጥ በላይ ያሉ ደም መላሾች ማበጥ፣ ልጅ መውለድ ካቃታቸው ወንዶች ከሦስት በአንዱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ በአብዛኛው በግራ በኩል ነው። በቀዶ ሕክምና የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲጋራ፣ ብዙ አልኮል፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር በሽታ፣ ቀኑን ሙሉ ዳቦ ምድጃ ፊት መዋል ሁሉም ከመንስኤዎቹ ይቆጠራሉ።

የጂም መርፌን ግን ለይቼ እናገራለሁ። ለጡንቻ ተብሎ የሚወጋው ቴስቶስቴሮን አንጎል ወደ ቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ስፐርም ዜሮ ሊገባ ይችላል። ካቆሙት በኋላ አብዛኛው ሰው ይመለሳል፣ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ልጅ የሚፈልግ ሰው አይንካው፤ «ወንድነት ይጨምራል» ብሎ የሚሸጥላችሁንም አትስሙ።

ማርና ጥቁር አዝሙድ እንደ ምግብ ይበሉ። ነገር ግን መንስኤው ሳይታወቅ በየቪታሚኑ መዞር የሚስትን ዕድሜ ይበላል።

ስፐርም ጭራሽ ካልታየ የሆርሞን ምርመራ፣ በተለይ ቆለጥ ስፐርም እንዲሠራ የሚያዘው ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞን፣ አምራቹ ቆለጥ ደክሞ ይሁን መውጫው ተዘግቶ ለመለየት ይረዳል። መውጫው ብቻ ከተዘጋ ስፐርም ከቆለጥ ተወስዶ ከሴቷ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ሊገናኝ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ሪፈር አጽፋችሁ፣ ሁለቱንም የምርመራ ወረቀቶች ይዛችሁ፣ አብራችሁ ሂዱ።