የረጅም በረራ ምቾት ትኬት ሲቆረጥ ነው የሚጀምረው

«ነገ ማታ ነው የምበረው፣ አስራ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። መልሱን ደጋግሞ መጻፍ ሰልችቶኛል፤ የባሰው ግን ጥያቄው የሚመጣበት ሰዓት ነው። በኢኮኖሚ ወንበር ሊስተካከል ከሚችለው አብዛኛው የሚስተካከለው ትኬት ሲቆረጥና ቼክ ኢን ሲከፈት ነው። በዋዜማው የሚቀራችሁ የቦርሳው ጉዳይ ብቻ ነው።

ከትኬቱ እንጀምር። ከሌሎቹ ዋጋ በጣም የወረደ ትኬት ብዙ ጊዜ ወንበር መምረጥ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ የሚጫን ሻንጣም የለውም። ይህ ከመክፈላችሁ በፊት ገጹ ላይ ተጽፏል፤ ሰው አያነበውም እንጂ። ለወንበር ካልከፈላችሁ ቼክ ኢን በኢንተርኔት የሚከፈትበትን ሰዓት ጠብቁ። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ከበረራው 24 ሰዓት በፊት፣ አንዳንዶቹ 48 ሰዓት በፊት ይከፍታሉ። አላርም ሙሉና እንደተከፈተ ግቡ። አየር ማረፊያ ደርሶ «መስኮት ጋ ስጡኝ» ማለት የተረፈውን ከመውሰድ አያልፍም።

የአውሮፕላኑንም ዓይነት እዩ። ኤርባስ ኤ350 በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ወንበር ሲኖረው የአንዱ ወርድ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቦይንግ 777 በረድፍ አስር ሲደረደርበት ወደ 43 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትከሻው ሰፊ ሰው ከጎናችሁ ሲቀመጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማችኋል። ኤ350 እና ቦይንግ 787 የውስጥ አየራቸውን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር አድርገው ይይዙታል፤ በሌሎቹ እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ስትወርዱ ራሳችሁ ከከበዳችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መተኛት የሚፈልግ መስኮት ጋ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ መተላለፊያ ጋ ይቀመጥ። መንገጫገጭ የሚፈራ ክንፉ አካባቢ ይምረጥ፤ እዚያ ይቀንሳል። የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይዘረጋም፣ የሽንት ቤት ሰልፍም ራስጌው ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ለእግር ይሰፋል ተብሎ ይወደዳል፤ ነገር ግን የሕፃናት አልጋ የሚሰቀለው እዚያ ነው፣ ጠረጴዛው ከእጅ መደገፊያው ውስጥ ስለሚወጣ መደገፊያው አይነሣም፣ ቦርሳችሁም ሲነሣና ሲያርፍ ላይኛው ሣጥን መግባት አለበት። ሕፃን ለያዘ ሰው ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። አልጋውን ትኬት በቆረጣችሁ ዕለት ደውላችሁ አስመዝግቡ፤ ቁጥሩ ውስን ነው።

አሁን እኔ ራሴ የወደቅሁበት ወጥመድ ላይ ደረስን፤ ረዘም ቢል ታገሡኝ። ትኬት የሚያነጻጽሩ ድረ ገጾች አንዳንዴ የሁለት አየር መንገዶችን ትኬት አጣምረው እንደ አንድ ጉዞ ያሳያሉ። ዋጋው ርካሽ፣ ሰዓቱም የተመቸ ይመስላል። ይሁንና ሁለቱ አየር መንገዶች የማይተዋወቁ ሁለት ውል ነው የሸጡላችሁ። ሻንጣው እስከ መጨረሻው አይላክም፤ መሃል ላይ ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስመዘግባላችሁ። ሻንጣ ለመቀበል ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ማለትም ወደዚያ አገር መግባት ግድ ነው። ፓስፖርታችሁ ለዚያ አገር ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነ ያለ ቪዛ ጉዞው እዚያ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ገና ከመነሻው አያሳፍሯችሁም። አዲስ የወጣ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በየትኛውም አገር የሚያልፍ የሚመስለው ሰው አለ። አያልፍም፤ የትራንዚት ሕግ አገር በአገር ይለያያል፣ ከኤምባሲው ወይም ከአየር መንገዱ ሳያረጋግጡ መክፈል አደጋ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ ደግሞ ሁለተኛው አየር መንገድ ግዴታ የለበትም፤ «አልመጡም» ብሎ ይመዘግባችኋል፣ በዚያ ትኬት ላይ ያለው መመለሻም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። ስልክ ስትደውሉ ይህኛው ወደዚያኛው፣ ያኛው ወደ ሻጩ ይልካችኋል። አዲስ ትኬት በዕለቱ ዋጋ፣ ማደሪያውም ከኪሳችሁ።

መለያው ቀላል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት «ሴልፍ ትራንስፈር» (Self-transfer፣ በራስ መሸጋገር) የሚል ቃል ፈልጉ፤ ካያችሁት ተዉት። ከከፈላችሁ በኋላ 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር እዩ፤ እስከ አራት በረራ ላለው ጉዞ ለአንድ መንገደኛ አንድ ቁጥር መሆን አለበት። ሁለት የተለያየ ቁጥር ከመጣ መሰረዝ ይቻል እንደሆነ በዚያው ቀን ጠይቁ። በአንድ ትኬትም ቢሆን አንድ ሰዓት ብቻ ያለው መሸጋገሪያ አይመቸኝም። ሦስት ሰዓት ያለውን እመርጣለሁ፤ ፊት ታጥቦ፣ ተራምዶ፣ እግርን ዘርግቶ ለመቀመጥ ይበቃል።

ወደ ቦርሳው እንምጣ። አውሮፕላኑ ሲሞላ የእጅ ሻንጣችሁን በር ላይ ተቀብለው ከታች ይጭኑታል። ስለዚህ ሻንጣው ውስጥ ከወንበር ሥር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ይኑራችሁ፤ ሻንጣው ሲወሰድ እሷን መዝዛችሁ ታስቀራላችሁ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድኃኒት ከነማዘዣው፣ መነጽር፣ ቻርጀር፣ ሹራብ፣ አንድ ቅያሪ የውስጥ ልብስና ካልሲ እዚያ ይግቡ። ፓወር ባንክም እዚያ ነው፤ በሚጫን ሻንጣ ክልክል ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ፤ ባለ 20,000ው 74 ስለሚመጣ ያልፋል፣ ባለ 30,000ው 111 ስለሚመጣ ከአየር መንገዱ ፈቃድ ይፈልጋል። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ያዙና ከፍተሻው በኋላ ሙሉት። ክሬምና የጥርስ ሳሙና ከ100 ሚሊሊትር በማይበልጥ ዕቃ ይሁን።

ወንበሩ ላይ መጀመሪያ የሚታመመው ወገብ ነው፤ መደገፊያው እዚያ ጋ ጎድጎድ ስለሚል ጀርባ ይጎብጣል። ብርድ ልብሱን እንደ ክንድ ውፍረት ጠቅልላችሁ ከሱሪ ቀበቶ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ላይ አስገቡት። የአንገት ትራስን አብዛኛው ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያጠልቀው፤ ወፍራሙ ክፍል ከኋላ ሲሆን ጭንቅላትን ወደ ፊት ይገፋል። አዙሩት፤ ክፍቱ ከኋላ፣ ወፍራሙ አገጭ ሥር ይሁን። የወንበሩን ቀበቶ ከምትለብሱት ሁሉ በላይ እሰሩ፤ የበረራ አስተናጋጆቹ መታሰሩን ካዩ አይቀሰቅሷችሁም። ወንበር ስትዘረጉ ቀስ ብላችሁ፣ ምግብ ሲቀርብ ደግሞ መልሳችሁ አቅኑ።

አየሩ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ኮንታክት ሌንስ አውልቃችሁ መነጽር አድርጉ፣ ከንፈር ቅቡ፣ ውሃ ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ግፊቱ ሲቀንስ በሆድ ያለ አየር ስለሚሰፋ ጋዝ ያለው መጠጥና የሚነፋ ምግብ ሌሊቱን ያበላሻል። ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ የምትፈልጉ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድማችሁ እዘዙ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

እግር ላይ ግን ቸልታን አልታገሥም። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። በየሰዓቱ ተረከዝና ጣትን እያፈራረቃችሁ 20 ጊዜ ያህል አንሡ፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታችሁ ተራመዱ። የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ ስምንት ሰዓት ታጥፎ መተኛት አደገኛ ነው። ደም እንዳይረጋ ባትን የሚጨብጠውን ጠባብ ካልሲ (ኮምፕረሽን) የምትገዙ የቁርጭምጭሚትና የባታችሁን ዙሪያ ለክታችሁ ግዙ፤ እግር ሳያብጥ ጠዋት ይጠለቃል፣ ጠርዙ መታጠፍ የለበትም፤ ከታጠፈ እንደ ገመድ ያንቃል። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ የወለደች፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ካንሰር ያለበት፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ከመብረሩ በፊት ሐኪም ያማክር። በሰው ምክር አስፕሪን አትዋጡ።

ለማረፍ 30 ደቂቃ ያህል ሲቀር ንቁ፤ አውሮፕላኑ ሲወርድ ከተኛችሁ ምራቅ አትውጡምና ጆሮ ይደፈናል። ምራቅ ዋጡ፣ ማስቲካ አኝኩ፤ ሕፃን ከሆነ ጡት አጥቡት ወይም ጡጦ ስጡት።

ከወረዳችሁ በኋላ ሁለቱም እግር ትንሽ ቢያብጥ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ካመመና ከሞቀ በዚያው ቀን ታዩ፤ ከበረራው ሳምንታት ቢያልፉም ያው ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ የሐኪም ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያላችሁበት አገር የድንገተኛ ቁጥር ላይ ደውሉና ረጅም በረራ ላይ እንደነበራችሁ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።