የማትሰጥም የልጆች ታንኳ

የወረቀት ጀልባ ሳፋ ላይ ብዙ አይቆይም። ውሃ ሲጠጣ ይሟሽሻል፣ ከዚያ ለቅሶ ነው። ባሕር ዳር ላላችሁ ግን ደንገል አለላችሁ፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል (ፓፒረስ) ማለት ነው።

ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ቁርጥራጭ ጠይቁ። የደረቀውን ምረጡ። እርጥቡ ከባድ ነው፤ ቆይቶ ሲደርቅም ይኮማተርና እስሩ ይላላል። ስንዝር የሚያህሉ ስድስት ሰባት አገዳዎች ሰብስባችሁ መሃሉንና ሁለቱን ጫፍ በኬሻ ክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጫፎቹን ውሃ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አጉብጧቸው፤ በደረቁ ከሆነ ይሰበራሉ። ከጫፍ ጫፍ ክር ስትወጥሩ አፍንጫዋ ልክ እንደ ትልቋ ታንኳ ቀና ይላል። ልጆች በጣም የሚወዱት ይቺን ነው።

የማትሰጥመው የደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ነው። ብትገለበጥም ትንሳፈፋለች። ውሃ ውስጥ ካደረች ግን ትከብዳለች፤ ከጨዋታ በኋላ ፀሐይ ላይ አስጧት።

አደራ፣ ጨዋታው ሳፋ ላይ ይሁን እንጂ ሐይቁ ዳር አይሁን። ጣና ላይ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። ሳፋውም ቢሆን የቧንቧ ውሃ ይሁን፤ ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን አትተዉ።