የገዛ ድራይቫችሁ አልከፈት ሲላችሁ፦ የጠፋ ፈቃድን እንዴት እንመልሳለን?

ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ላፕቶፗ ስለተንቀራፈፈባት ዊንዶውሱን አስቀይራ ቤቷ ገባች። ዲ ድራይቭ ላይ ያስቀመጠችውን የሰርግ ፎቶ ልትከፍት ስትል ግን ፎልደሩ እምቢ አላት። «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ይላል። ዊንዶውሱን ለቀየረላት ልጅ ብትደውል «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አምጪውና ድራይቩን ፎርማት እናድርገው» አላት። እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ የ12 ዓመት ፎቶ በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር።

«እትዬ፣ ምንም እንዳትነኪ፣ መጣሁ» አልኳት። አንድም ፎቶ አልተበላሸም ነበር። የጠፋው ፈቃዱ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚህ ምክንያት ፎርማት እንዳያደርግ ነው።

ለምን ይሆናል?

ዊንዶውስ ያለበት የቤት ኮምፒውተር ድራይቩን የሚያደራጀው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤፍኤስ በሚባል ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የእያንዳንዱ ፋይል ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን ማንበብ ማን መለወጥ እንደሚችል መዝግቦ ይይዛል። ሰውን የሚያውቀው ግን በስሙ ሳይሆን በቁጥር ነው። አካውንት ስትከፍቱ «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይሰጣችኋል።

ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን በድሮው ስማችሁና በድሮው ፓስወርዳችሁ ብትገቡም ቁጥራችሁ ተቀይሯል። ፎልደሩ የሚያውቀው የድሮውን ነው። የድሮ ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩም የሚያጋጥመው ይኸው ነው። የፈቃድ ዝርዝሩን ስታዩ «አካውንት አንኖውን» የሚል ጽሑፍና ረጅም ቁጥር ካያችሁ፣ ያ የድሮው እናንተ ናችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ችግሩ በእርግጥ የፈቃድ መሆኑን አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ «ድራይቩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» የሚል መልእክት ካወጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ካንስል በሉት፣ ፎርማት የሚለውን በፍጹም አትጫኑ። ድራይቩ ላይ የቁልፍ ምልክት ካለ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ ቆልፎታል ማለት ነው። የሚከፈተው በፓስወርዱ ወይም ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ንቀሉት። እየሞተ ያለ ዲስክን በዚህ ሥራ ማድከም ያለችውን ዕድል ይጨርሳል።

የቁልፉ ምልክት ነጠላ ፋይሎች ላይ ከሆነ ፋይሎቹ ተመስጥረዋል። እነዚህን ከድሮው ዊንዶውስ የወጣ ሰርተፍኬት (የመክፈቻ ቁልፉን የያዘ ፋይል) ካልሆነ በቀር የባለቤት ለውጥ አይከፍታቸውም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ድካም ያድናል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ዊንዶውሱ ራሱ ያለበትን ሲ ድራይቭ በሙሉ እንዳትነኩ። እዚያ ብዙዎቹ የሲስተም ፋይሎች ባለቤታቸው ትረስትድ ኢንስቶለር የሚባል የዊንዶውስ አካል ነው። እሱን ካነሳችሁት ፕሮግራሞች አልነሳ ሊሉ፣ አፕዴትም ሊበላሽ ይችላል። ሲ ላይ የቀረ የግል ፎልደር ካለ ያንን ፎልደር ብቻ ለይታችሁ ሥሩ።

ባለቤትነቱን መውሰድ

በአድሚን አካውንት ግቡ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነና መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ካላችሁ ዩፒኤስ ላይ ቢሆን ይመረጣል። መሀል ላይ ቢጠፋባችሁ ግን አትደንግጡ። የፋይሎቹ ይዘት አይነካም፣ ግማሾቹ ተቀይረው ግማሾቹ ሳይቀየሩ ይቀራሉ። ከመጀመሪያው ድገሙት።

የተዘጋው አንድ ፎልደር ብቻ ከሆነ ፎልደሩ ላይ፣ ድራይቩ እንዳለ ከተዘጋ ድራይቩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ግቡ። ከላይ ካሉት ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለውን ምረጡ። ሴኩሪቲ የሚል ከሌለ ድራይቩ ኤክስፋት ወይም ፋት 32 ሊሆን ይችላል። እነዚህ ፈቃድ የሚባል ነገር ስለማይመዘግቡ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሴኩሪቲ ውስጥ አድቫንስድ የሚለውን ተጫኑ። በሚከፈተው መስኮት አናት ላይ ኦውነር የሚል መስመር አለ። የእህቴ ላይ ባለቤቱን ማሳየት እንደማይችል ይገልጽ ነበር። ከጎኑ ቼንጅ የምትል ሰማያዊ ጽሑፍ አለች፣ እሷን ተጫኑ። ስም ጻፉ የሚል ትንሽ መስኮት ይመጣል። አትጻፉ፣ የፊደል ስህተት ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። እዚያው አድቫንስድ፣ ቀጥሎ ፋይንድ ናው ብትሉ የስሞቹን ዝርዝር ያመጣላችኋል። ከዝርዝሩ አድሚኒስትሬተርስ የሚለውን ምረጡ። አድሚኒስትሬተር የሚል ነጠላ ስምም አለ፣ እሱን አይደለም። ብዙ ቁጥር የሆነውን ነው የምንፈልገው።

ለምን የራሳችሁን ስም አልመረጣችሁም? የራሳችሁ ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ ዊንዶውስ ስትቀይሩ እንደገና ይቀየራል፣ ያው ችግር ይመለሳል። አድሚኒስትሬተርስ የሚለው ቡድን ግን በየትኛውም ዊንዶውስ ላይ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ኤስ-1-5-32-544። ብዙ ሰው ስሙን ሰጥቶ ያልፋል፣ ከዓመት በኋላ እንደገና ይቸገራል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህች ምርጫ ነው።

ኦኬ ብላችሁ ስትመለሱ ከኦውነር መስመር ሥር «ሪፕሌስ ኦውነር» ብላ የምትጀምር ሳጥን ትመጣለች። ራይት አድርጉባት። ውስጥ ያሉት ፎልደሮችና ፋይሎች በሙሉ ባለቤታቸው የሚቀየረው በሷ ነው። አፕላይ በሉ። የፋይል ስሞች እየተፈራረቁ ያልፋሉ። ብዙ ሺህ ፎቶ ካለ ረዘም ይላል፣ ታገሡት። ሲጨርስ ሁሉንም መስኮቶች ዝጉ። ዊንዶውስ ራሱ ዘግታችሁ እንድትከፍቱ ይነግራችኋል። ይህን የዘለለ ሰው ነው «ባለቤት ሆኜም አልሠራም» የሚለው።

ፈቃዱን መመለስ

ባለቤት መሆንና ፈቃድ ማግኘት ሁለት ነገር ነው። ባለቤት ፈቃድ የመስጠት መብት አለው፣ ለራሱ ግን ገና አልሰጠም። ስለዚህ ወደ አድቫንስድ ተመለሱ።

የተዘጋው ፎልደር ብቻ ሆኖ ድራይቩ ደህና ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ከታች ኢኔብል ኢንሄሪታንስ የሚል ካለ ተጫኑት። ፎልደሩ የድራይቩን ፈቃድ ይወርሳል።

ድራይቩ እንዳለ ከተዘጋ አድ የሚለውን ተጫኑና «ሰሌክት ኤ ፕሪንሲፓል» በሚለው በኩል ሦስት ስሞችን አንድ በአንድ ጨምሩ። እንደ ቅድሙ ከዝርዝሩ ነው የምትመርጡት። ለአድሚኒስትሬተርስ እና ለሲስተም ፉል ኮንትሮል፣ ለኦተንቲኬትድ ዩዘርስ (በአካውንታቸው ለሚገቡ ሁሉ) ደግሞ ሞዲፋይ ስጡ። ሦስተኛውን ትታችሁ ለአድሚኒስትሬተርስ ብቻ ብትሰጡ ፎልደር ስትከፍቱ ዊንዶውስ ፈቃድ እየጠየቀ ያሰለቻችኋል። ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነና ሌላው እንዳያይ ከፈለጋችሁ ግን በሦስተኛው ቦታ የራሳችሁን አካውንት አስገቡ። ሁሉም «ይህ ፎልደር፣ ውስጡ ያሉ ፎልደሮችና ፋይሎች» የሚለውን እንዲሸፍን ሆኖ ይቀመጥ።

በሁለቱም መንገድ የመጨረሻው ሥራ አንድ ነው። ከታች «ሪፕሌስ ኦል ቻይልድ» ብላ የምትጀምረው ሳጥን ላይ ራይት አድርጉና አፕላይ በሉ። እርግጠኛ ናችሁ ወይ ሲል የስ በሉት። መሀል ላይ ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን ወይም ሪሳይክል ቢን ላይ ስህተት ሊያወጣ ይችላል። የዊንዶውስ የራሱ ጓዳ ስለሆኑ ኮንቲኒው ብላችሁ እለፉ።

አሁን ሞክሩ። አንድ ፎቶ ክፈቱ፣ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፣ መልሳችሁ አጥፉት። ሦስቱም ከሠሩ ፈቃዱ ተመልሷል። እህቴ መጀመሪያ የከፈተችው አባታችን ሲመርቋት የተነሳውን ነበር። እኔ ግን ወዲያው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አምጪ አልኳት። የተከፈተውን በዚያው ዕለት ሌላ ቦታ ገልብጡት፣ ለነገ አታሳድሩት።

አሁን የሠራችሁትን ደግሞ ዲስካችሁን የሰረቀ ሰውም ሊሠራው ይችላል። በራሱ ኮምፒውተር ላይ አድሚን ነውና። ፈቃድ ቤት ውስጥ ሥርዓት ያስይዛል እንጂ ሌባ አይመልስም። የምር ምስጢር የሆነ ነገር ካላችሁ ቢትሎከር ተጠቀሙ፣ ባለ 48 አሃዙን ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ ርቆ ይቀመጥ።