መርከበኛ ባሕር ላይ ሲሞት፦ ቤተሰቡ ካሳውን እንዴት ይጠይቅ?

መርዶው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀጣሪው ወኪል በስልክ ነው። ለካሳው የሚበጀው ማስረጃ ደግሞ የሚገኘው በዚያው ሰሞን፣ የሟች የሥራ ባልደረቦች ሳይበተኑ ነው። ስለዚህ ከዘመድ አንዱ፣ ቢቻል እንግሊዝኛ አንባቢ፣ ለቅሶውን ለሌላው ትቶ ወረቀት ያሳድድ።

መጀመሪያ የመርከቡን ስም፣ ባለ 7 አሃዝ የአይ ኤም ኦ ቁጥሩን (የመርከቡን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) እና የሚያውለበልበውን ባንዲራ፣ ማለትም የተመዘገበበትን አገር፣ ይያዙ። የሥራ ውሉ ቤት ከሌለ የሟች ኢሜይልና ቴሌግራም ውስጥ ይፈልጉ። ባልደረቦቹን ሦስት ፎቶ ይለምኑ፦ አደጋው የደረሰበትን ቦታ፣ የመርከቡን መዝገብ የዕለቱን ገጽ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀት። ከሦስቱ የመጨረሻው ወርቅ ነው። የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ማሻሻያ ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲለጠፍ ያስገድዳል፤ መድን ሰጪው ማን እንደሆነ ይነግርዎታል፣ ቤተሰብም ወኪሉን አልፎ በቀጥታ እሱን መጠየቅ ይችላል። የሞቱ ምክንያት ካጠራጠረ አስከሬኑ ከመላኩ በፊት ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ብዙ ነገር ይጠፋል።

አዲስ አበባ ላይ የሚያስፈልጉት የሞት ምዝገባ፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ እንዲሁም ከከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚወጣ የወራሽነት ማስረጃ ናቸው። አስተርጉመው ሂልተን አካባቢ ባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡ። ፋይል የሚያንቀው ግን ሌላ ነው። የውጭ መድን ሰጪ ሚስት የባሏን ስም አለመያዟ ግራ ያጋባዋል፤ የፓስፖርቱና የልደት ወረቀቱ የስም አጻጻፍ ከተለያየም ክፍያውን ያቆማል። «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማረጋገጫ አስቀድመው ያውጡ። የልጅ የልደት ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ከተላለፈ ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል፣ ድርሻውም ሊቀር ይችላል።

ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ብቻ አይወጣም። አንደኛው ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ነው። የአይ ቲ ኤፍ (የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን) ስምምነት ያለበት መርከብ ከሆነ በሕመም ለሞተም ይከፈላል፣ ለልጆችም (እስከ 4) ተጨማሪ አለው፤ አይ ቲ ኤፍ ራሱ ለእርዳታው ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛው የአገራችን ሕግ ነው። ቀጣሪው ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለገሃር ያለው የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ ሟች ጡረታ ይቆረጥለት እንደነበር ይጠይቁ። የጡረታ ሽፋን ካልነበረውና ሞቱ ከሥራ የመጣ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ቀጣሪው የ5 ዓመት ደመወዝ ይከፍላል፦ ለትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 10፣ ሟች ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10። ለቀብር ደግሞ ከ2 ወር ደመወዝ አያንስም። ሦስተኛው፣ ትልቁም ሊሆን የሚችለው፣ የመርከቡ ባለቤት በቸልተኝነቱ የሚከሰስበት የጉዳት ካሳ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር የሚታይ ስለሆነ የዚያ አገር የባሕር ሕግ ጠበቃ ይፈልጋል።

ይህን ሦስተኛ በር የሚዘጋው የራስዎ ፊርማ ነው። የ2006ቱ ስምምነት ያዘጋጀው የክፍያ ደረሰኝ ናሙና፣ የውሉን ገንዘብ መቀበል በቸልተኝነት የመክሰስ መብትን እንደማይነካ ይናገራል። ወኪሉ የሚያመጣው ወረቀት ግን «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ነው፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ አይፈርሙ፤ በናሙናው እንዲቀየር ይጠይቁ። ከውሉ ያነሰ ገንዘብ እንድትቀበሉ መጫንም ክልክል ነው። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ይቀራል» ካለ፣ ይህንኑ በኢሜይል እንዲጽፍልዎ ይንገሩት፤ አብዛኛው አይጽፍም።

ጊዜው አጭር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጠቅላላው ይርጋ (ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) 1 ዓመት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ 6 ወር ነው። «እየታየ ነው፣ ጠብቁ» የሚል የስልክ ቃል ይርጋ አያቆምም፤ የሚያቆመው ክስ፣ ለሚመለከተው ባለሥልጣን የቀረበ አቤቱታ ወይም ቀጣሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ የሞት ካሳ ክስ ባጠቃላይ 3 ዓመት አለው።

አስከሬኑ ካልተገኘ የካፒቴኑን ሪፖርትና የምስክሮችን ቃል ይዘው የሞት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ይጠይቁ። ማስረጃው ካልበቃና 2 ዓመት ወሬው ከጠፋ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ የካሳው ይርጋ ግን ይህን እስኪጠብቅ አይቆምምና የካሳውን ክስ ጎን ለጎን ያስገቡ። ሟች የሠራው በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወይም በባህላዊ ጀልባ ከነበረ የ2006ቱ ስምምነት አይሸፍነውም፤ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ትተው በቀጥታ ወደ ውሉና ወደ ባንዲራው አገር ሕግ ይሂዱ።