ሜዳው ሜዳ አይደለም፦ በዋዮሚንግ ቀይ በረሃ ፕሮንግሆርን ማደን፣ ችግርና መፍትሄ

ከዴንቨር ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው፣ ራውሊንስ ከተማን ሲያልፍ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋበታል። ግራና ቀኙ አመድማ ቁጥቋጦ ነው። ሴጅብረሽ ይሉታል፤ በእጅ ሲታሽ ሽታው አሪቲን ያስታውሳል፣ ሁለቱም የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸውና። በአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ቀይ በረሃ የሚባለው አገር ይህ ነው። አብዛኛው የመንግሥት መሬት ስለሆነ የአደን ፈቃድ የያዘ ሰው የማንንም ደጅ ሳይጠና ገብቶ ያድንበታል።

ፕሮንግሆርኖቹ ከአውራ ጎዳናው ዳር እንደ መንደር ፍየል ተበትነው ይግጣሉ። የአገሬው ሰው አንቴሎፕ ቢላቸውም ከእኛ ሚዳቋና ድኩላ ጋር ዝምድናቸው ሩቅ ነው፤ በሕይወት ካሉ እንስሳት ይበልጥ የሚቀርቧቸው ቀጭኔና ኦካፒ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመቴ ከመንገድ ዳር አይቻቸው ማታውኑ ቋንጣ ስለመዘልዘል ማሰብ ጀመርኩ። ሦስት ቀን በደረቴ ስሳብ ሰንብቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ለአደን የሚወጡ የአገሬ ልጆች ደውለው የሚነግሩኝ ችግር ሁሉ እኔን ያልገጠመኝ የለም።

«ከመኪናዬ ሳልወርድ ሸሹብኝ»

በዚህ የሚማረር ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በልብሱ ቀለም ያሳብባል። ሕጉ የሚያዘው ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ ለሰው ዓይን እንጂ ለፕሮንግሆርን ያን ያህል አይጮኽም። የሚያጋልጠን እንቅስቃሴ ነው። የእንስሳው ዓይኖች ትልልቅና ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የወጡ ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጥም መደበቅ አያስፈልገውም፤ ቀድሞ ማየት ብቻ ይበቃዋል። ሰውየው ጉብታ አናት ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በሩን ድው አድርጎ ዘግቶ፣ ሰማዩን ከጀርባው አድርጎ በርቀት ማያ መነጽር ሲፈልግ ተፈላጊው እሱን ካየው ቆይቷል።

መኪናውን ከጉብታው ኋላ ደብቁ። አናቱ ላይ ሳትቆሙ ከጎኑ ዞራችሁ በሆዳችሁ ተኙና ቢያንስ አንድ ሰዓት በመነጽር ብቻ አድኑ። ይህን ምክር የሚሰማኝ ጥቂት ነው፤ አራት ሰዓት ነድቶ የመጣ ሰው መራመድ ያምረዋል።

ሁለተኛው ነገር መሬቱን ሲነጋና ሲመሽ ማየት ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ወንድ ፕሮንግሆርን ገላጣ ላይ ተኝቶ አገኘሁ። በመካከላችን ጥንቸል የሚሸሽግ ነገር አልነበረም። ከቀትር ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ አየሁትና ተስፋ ቆረጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሜዳው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቅ አለ። ለካ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ነው፤ ገብተው ቢያጎነብሱበት ሰውን ከነኮፍያው ይውጣል፣ ተጠማዝዞም ከእንስሳው 200 ያርድ (180 ሜትር ገደማ) ላይ ያደርሳል። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስትወርድ ጥላ ስለማይኖር እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ደፍና ሜዳ ታስመስለዋለች። ያን ዕለት የመጀመሪያዬን ይዤ ገባሁ።

ለመሳቡ የጉልበት መከላከያና ወፍራም የቆዳ ጓንት ያዙ። መሬት ላይ የተለጠፈች የበለስ ዘመድ የሆነች ቁልቋል አለች፤ እሾኋን ሳምንት ሙሉ ከመዳፌ ስለቅም ነበር።

ቂጣቸው ላይ ያለው ነጭ ጸጉር ተነፍቶ እንደ ጥጥ ሲፈካ ካያችሁ ተነቅታችኋል። ባላችሁበት ድርቅ በሉ። ሮጠው ከሄዱም በመኪና መከተል ክልክልም ከንቱም ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ርቀው ቆመው ዞረው ያያሉ፣ ያልተባረረ መንጋ ደግሞ ወደ ለመደው ግጦሽ መመለስ ይወዳል። መስከረም ደረቅ ከሆነ ለከብት ውሃ የተቀመጠ ገንዳ ፈልጋችሁ ከርቀት ጠብቁ።

«ዕጣው በቀላሉ ደረሰኝ፤ የማድንበት መሬት ግን አጣሁ»

ፈቃዱ በአካባቢ ተከፋፍሎ በዕጣ ይሰጣል፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለምንመጣ የማመልከቻው ቀን ጁን መግቢያ ላይ ያበቃል። ዕጣው ለማንም የሚደርስበት አካባቢ ብዙ ጊዜ መሬቱ የግለሰብ የሆነበት ነው፤ በምሥራቅ ዋዮሚንግ ይህ የተለመደ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት የፌዴራሉን የመሬት አስተዳደር ቢሮ (BLM) ካርታ ዘርጉ። ቢጫው የፌዴራል፣ ሰማያዊው የክፍለ ግዛቱ፣ ነጩ የግለሰብ ነው። ነጭ የበዛበትን እለፉት።

በቀይ በረሃም ቢሆን ከባቡር ሐዲዱ ግራና ቀኝ ካርታው የዳማ ገበታ ይመስላል፤ አንድ ቢጫ፣ አንድ ነጭ። መንግሥት በ1862 ባወጣው ሕግ አህጉር አቋራጩን ሐዲድ ለሚዘረጉት ኩባንያዎች እያንዳንዱ አንድ ማይል በአንድ ማይል የሆነ፣ 640 ኤከር መሬት አንዱን እየዘለለ ሰጠ። እነዚያ ነጭ ካሬዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ቢጫዎቹ የሚነካኩት በማዕዘናቸው ብቻ ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መሻገር ወንጀል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ብዙ አዳኝ አስጨንቋል። በ2021 ኤልክ ማውንቴን አጠገብ በመሰላል የተሻገሩ አራት የሚዙሪ አዳኞች ተከሰው ነበር፤ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ነጻ አሏቸው፣ በፍትሐ ብሔሩ ክርክርም የ10ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2025 በ1885 የወጣን ሕግ ጠቅሶ ፈረደላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጉዳዩን አላይም አለ። ፍርዱ የጠቀመው ግን የግለሰቡን መሬት በእግሩ ያልነካውን ሰው ነው። ሁለት እርምጃ የሳተ አይድንበትም፤ ስለዚህ በስልክ ግምት ሳይሆን ቀያሾች የተከሉትን የማዕዘን ምልክት አግኝታችሁ ተሻገሩ።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው አጥር ነው። እዚህ አጥር የከብትና የበግ እንጂ የድንበር ምልክት ላይሆን ይችላል። የመንግሥት መሬት በሽቦ ይከፈላል፤ የግለሰቡ ደግሞ ያለ አጥር ተዘርግቶ ይገኛል። የባለቤትነት ድንበር የሚያሳየውን የስልክ ካርታ ቤታችሁ ሳላችሁ ጫኑት፤ ኔትወርክ የለም። ተዘግቶ ያገኛችሁትን በር ዝጉ፣ ተከፍቶ ያገኛችሁትን ተዉት።

«ጥይቱ በላዩ አለፈ»

የእኔም አለፈ። ትከሻው ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነን እንስሳ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ማየት የለመደ ዓይን አርቆ ይገምተዋል፤ ልክ የሚያስይዝ ዛፍም ሆነ ቤት በአካባቢው የለም። ሰውየው «400 ያርድ ይሆናል» ብሎ ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል፣ እንስሳው ግን 250 ላይ ነው። የሌዘር ርቀት መለኪያ ግዙ፤ ለጠመንጃ ከምትጨምሩት ገንዘብ ይልቅ ይህ ይጠቅማል። ከዚያ ነፋሱ አለ። በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ለዚህ አገር ቀላል ትንፋሽ ማለት ነው፤ በ300 ያርድ ግን የተለመደውን ጥይት አንድ ስንዝር ያህል ይገፋዋል። በተኩስ ሜዳ ተኝታችሁ አምስት ጥይት ተኩሳችሁ አምስቱንም በሰሃን ስፋት ውስጥ ከማታሳርፉበት ርቀት አትተኩሱ። የእኔ ወሰን 250 ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ቃታውን አልነካም።

«መኪናው መንገድ ላይ ተቀረቀረ»

አፈሩ ሸክላ ነው። ሲደርቅ እንደ አስፋልት፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ቅባት ይሆናል፤ ጎማ ላይ ተጠቅልሎ መሽከርከር ይከለክለዋል። አራቱም ጎማ መንዳቱ ጥልቅ ውስጥ ከማስገባት በቀር አይረዳም። ደመና ካያችሁ ወደ ጠጠር መንገድ ውጡ፣ ከያዛችሁም ሌሊት አፈሩ እስኪጠጥር ወይም ፀሐይ እስኪያደርቀው እዚያው እደሩ። የሦስት ቀን ውሃ፣ ብርድ ልብስና ሙሉ መጠባበቂያ ጎማ ያስፈልጋል።

«ሥጋው ይሸታል፣ ቤተሰቤ አልበላም አለ»

ይህን ወሬ ካዳነውም ካላዳነውም ሰው ሰምቻለሁ። ፕሮንግሆርን በትክክል ከተያዘ እንደ ጥሩ የበግ ሥጋ ነው። የሚያበላሸው ሙቀት ነው። መስከረም ቀትር ላይ ሮጦ የደከመ እንስሳ ተመትቶ፣ ጸጉሩ እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይዞ፣ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ፎቶ እስኪነሳ፣ ከዚያም በመኪና ጣሪያ ከተማ ለከተማ ሲዞር ምን ይጠበቃል?

በረዶ የሞላ ሁለት ትልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን መኪና ውስጥ ይኑር። ሕጉ እንደሚያዘው የፈቃዱን ቁራጭ ቀን ጽፋችሁና ፈርማችሁ እዚያው ከእንስሳው ላይ እሰሩ። ቀጥሎ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ቆዳውን ግፈፉ። ጸጉሩን የነካ እጅ ሥጋውን እንዳይነካ አንዱ ይግፈፍ፣ ሌላው ያንሳ፤ ቂጡ አካባቢና መንጋጋው ሥር ያሉት እጢዎች ሽታቸው ከሥጋው ላይ አይለቅም። ጭኑን፣ ወርቹንና ሽንጡን ነጥላችሁ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሉና በረዶው ላይ አኑሩ፤ የቀለጠው ውሃ እንዳይዘፍቀው የሣጥኑን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ክፍት አድርጉ። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያሳየውን ብልት ግን ቤት እስክትደርሱ አትቁረጡ፤ በመንገድ ላይ የሚፈትሽ የዱር እንስሳት ፖሊስ ይጠይቃችኋል።

ጥሬ ክትፎ አይሞከርም፤ የዱር ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። ያለ ባርኮት የሞተን እንስሳ መብላት የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ ጉዳዩን ጠመንጃ ከመግዛቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ፤ እኔ አስቀድሜ ባለመጠየቄ የመጀመሪያውን ዓመት ሥጋ ግማሹን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ስብ ስለሌለው ጥብሱ ቅቤ ይወዳል፣ እሳቱም አጭር ይሁን። ለቋንጣ ግን የጭኑን ቀይ ሥጋ የሚያህል የለም፤ በቀጭኑ ዘልዝላችሁ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሳችሁ ስቀሉት። በኮሎራዶ ደረቅ አየር ማራገቢያ ከፊቱ ብታደርጉለት በሁለት ቀን ይሰበራል።